ዘበኛው እምቢ አለ

«ኮምፒዩተር ያለውን ሐበሻ ነው የሚፈልጉት አሉ» አለች አስካለ። ከጠዋት ጀምራ ስትለው የዋለችውን ነው የደገመችው።

«ማን አለ?»

«አሉ ነዋ! ሰላይ ነው እያሉ ይወስዱታል አሉ። ቤት ለቤት ነው የሚዞሩት አሉ።»

«እኔስ ይሄ ‹አሉ› የሚባል ሰውዬ አንድ ቀን በአካል ባገኘውና ምላሱን በቆረጥኩለት» አለች ኑሀሚን፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። የራሷ ምላስ እንደ ወትሮው ስለት ነበረው፤ በሩ መቆለፉን ግን ከጠዋት ጀምራ ሦስት ጊዜ ተነሥታ አይታለች።

ካይሮ በመንግሥቷ ላይ ከተነሣች ሰንብታለች። ፖሊስ ከመንገድ ጠፍቷል፣ ኢንተርኔት ተቆርጧል፣ እስር ቤት ተሰበረ ይባላል። ኑሀሚን የምትኖርበት የፋይሰል ሰፈር ወንዶች ዱላ የያዘው ዱላ፣ ያጣው የወጥ ቤት ቢላ ጨብጦ ሰፈሩን ከዘራፊ ሊጠብቅ በየቅያሱ አፍ ቆሟል። ቴሌቪዥኑ በበኩሉ ስለ ውጭ ሰላዮች ማውራቱን አላቆመም። አስካለ ኒው ካይሮ ከምትሠራበት ቪላ ለዕረፍቷ ብቅ እንዳለች መንገድ ተዘጋባት፤ እዚያው ኑሀሚን ዘንድ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ታግታ ቀረች። እሷ ስትመጣ ፍርሃትም አብሯት ገባ።

ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ላየ ደግሞ ፍርሃቱ አይፈረድበትም። ኑሀሚን የምትሠራው ለቪዲዮ ጌም ነው። ነገሥታት፣ ጠንቋዮችና ዘንዶዎች የሚፋለሙበት፣ ተጫዋቹ ጀግና ሆኖ አገር የሚያቋርጥበት ጌም ነው። የእሷ ድርሻ የገጸ ባሕርያቱን አካልና እንቅስቃሴ ብልሽት እያደኑ ማቃናት ነው። የፊት ቆዳው ሳይመጣለት ቀርቶ ዓይንና ጥርሱ ብቻ አየር ላይ ተንሳፍፎ የሚስቅ ባላባት አለ። ጉልበቷ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ንግሥት አለች። እንቅስቃሴ ሳይሰጣቸው የቀሩ መንደርተኞች ደግሞ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው እንደ እንጨት ይደርቃሉ፤ ይህንን ኑሀሚን «ስቅለት» ብላዋለች። ሙያውን ማንም አላስተማራትም። አሮጌ ኮምፒዩተር ገዝታ፣ እያበላሸች እየጠገነች፣ ብቻዋን ነው የደረሰችበት፤ ይህንንም ለጠየቃት ብቻ ሳይሆን ላልጠየቃትም ትናገር ነበር።

አንድ ብልሽት ብቻ አላቃናም ብላ ነበር። የከተማው በር ላይ የሚቆም ዘበኛ አለ። ተጫዋቹ «ልለፍ?» ሲለው ያለ ቃል «አዎ» ማለት አለበት። ኑሀሚን አገሯ ሰው እንደሚለው አድርጋ ሠራችው፦ አገጩን ሽቅብ ብድግ፣ ቅንድቡን ከፍ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ። የሥራው ባለቤት ባሽሙሀንዲስ፣ ማለትም መሐንዲስ፣ ግብፃዊው ሱሌይማን ሲያየው እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ዘበኛሽ እምቢ እያለ በሩን ይከፍታል! እኛ ዘንድ ራስን ሽቅብ ማድረግ ‹የለም› ነው፣ ኑሀ። ብልሽት ነው፣ አስተካክዪው።»

«ብልሽቱ ያለው የእናንተ አንገት ላይ ነው» አለችና ተወችው። ዘበኛውም እንደዚያው ቀረ።

በሩ ተንኳኳ። አስካለ አልጋው ላይ ኩርምት አለች። ኑሀሚን በጣቷ ጫፍ ሄዳ በቀዳዳው አየች። ጋሽ ዘነበ ነው። ጋሽ ዘነበ ፖለቲካ ከአገር ያስወጣው፣ ከሕንፃው ትይዩ ባለ ሱቅ ልብስ እየተኮሰ የሚኖር ሰው ነው። ኑሀሚን ኑሮ ሲያቅታት ያበላት፣ ቤቱንም ያገኘላት እሱ ነው።

«ጦርሽ እንዴት ሰነበተ?» አላት ገና ሳይቀመጥ።

«ሁለቱ ተሰቅለዋል፤ አንዱ ፊቱ ጠፍቶበታል።»

«ከእኛ ይሻላሉ። እኛ ገና ወረፋ ላይ ነን።»

«ጋሽ ዘነበ፣ ኮምፒዩተር ያለውን ሐበሻ ይፈልጋሉ አሉ!» አስካለ ከአልጋው ዘላ እጁን ያዘች። «ይቺ ልጅ ታስበላናለች። ንገራት እስቲ!»

ጋሽ ዘነበ ስክሪኑን አየ። በግንብ የተከበበች ከተማ፣ የመንገዶቿ ካርታ፣ በየበሩ የቆመ ታጣቂ።

«ጌም መሆኑን ማንም ያውቃል» አለች ኑሀሚን።

«አንቺ ታውቂያለሽ። ከታች ዱላ ይዞ የቆመው ሥጋ ሻጭ ግን አያውቅም። ስጪኝ፣ ሱቄ ውስጥ ከሚተኮሱት ልብሶች ሥር ልደብቀው። በአንሶላ እጠቀልለዋለሁ፤ የሰው አንሶላ ማን ይፈትሻል?»

«ቢይዙህስ?»

«ምን ይሉኛል? ሥራዬ መተኮስ ነው፤ ከልብስ ሌላ ተኩሼ አላውቅም።»

አስካለ እንኳ ሳቀች። ኑሀሚን «እንግዲህ ለአስካለ ስል ነው» አለች። ለአስካለ ስትል አልነበረም። ከሌሊቱ ጀምሮ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር ስክሪኑን ስታጠፋ ነው የቆየችው፤ ይህንን ግን አንገቷን ቢቆርጧት አትናገርም። ገመዱን ነቀለች፣ አንሶላውን አመጣች፣ ቋጠሮውንም በገዛ እጇ አጠበቀች።

ሰዓት እላፊው ሊገባ ጥቂት ቀርቶ ነበር። ሁለቱ ሴቶች በረንዳው ላይ ከተሰጣው ልብስ ጀርባ ሆነው ቁልቁል አዩ። ጋሽ ዘነበ ነጩን ጥቅል አቅፎ ከሕንፃው ወጣ። መንገዱን ሊሻገር ሲል ሥጋ ሻጩ ዱላውን ከፊቱ ጋረጠበት። ሌሎቹ ከበቡት። አንዱ ቋጠሮውን ፈታው፤ ኮምፒዩተሩ ብልጭ አለ።

«በስመ አብ!» አለች አስካለ።

ጋሽ ዘነበ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ደርቆ ቆመ። ያንን አቋቋም ኑሀሚን ታውቀዋለች። በቁልፍ ሰሌዳዋ ስንት ጊዜ ስታወርደው የኖረችው እጅ ነው፤ አሁን ግን ማውረጃ የላትም። ፈታሹ ኪሱን በረበረ፤ ሌላው አንገትጌውን ጨብጦ ያዘ። ጋሽ ዘነበ በአገጩ ወደ በረንዳው አመለከተ። ሥጋ ሻጩ ቀና ብሎ አያት፣ ጮኾም አንድ ነገር ጠየቃት።

ልክ ያኔ ሄሊኮፕተር ከጣራው በላይ መጣ። ድምፁ ጥያቄውን ዋጠው። የምታየው የሰውየውን አፍ፣ ወደ ጋሽ ዘነበ የተቀሰረውን ዱላውን፣ ከዚያም መልስ የሚጠብቀውን ክፍት መዳፉን ብቻ ነው።

ታውቂዋለሽ ወይ ነው የሚላት። ያንቺ ሰው ነው ወይ። ሌላ ምን ይላል?

ልትጮኽ አፏን ከፈተች፤ በዚህ ድምፅ መሐል ግን ማን ይሰማታል? አንገቷ ቀደማት፤ አገጯ ሽቅብ፣ ቅንድቧ ሽቅብ፣ ትንፋሿ ወደ ውስጥ። አዎ።

ሥጋ ሻጩ ዞር ብሎ ለጓደኞቹ አንድ ነገር ተናገረ። አንገትጌውን የያዘው እጅ ተንቀሳቀሰ። ይጠብቅ ይላላ ከአምስተኛ ፎቅ አይለይም።

የሱሌይማን ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ አስተጋባ። ዘበኛሽ እምቢ አለ። ወይኔ ጉዴ! «አላውቀውም» ብዬ ካድኩት! ሄሊኮፕተሩ እየራቀ ነው። ኑሀሚን የልብስ ማስጫውን ገፍታ ከወገቧ በላይ ከበረንዳው ወጣች፤ አስካለ በቀሚሷ ጎትታ ባትይዛት በወደቀች። ራሷን እንደ ካይሮ ሰው ቁልቁል እየነቀነቀች፣ ባላት ትንፋሽ ሁሉ የእነሱን «አዎ» በዐረብኛ ጮኸች።

«አይዋ! አይዋ! ወላሂ አይዋ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዱላው ከፍ አለ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታስታውስም። ስትደርስ አንሶላው መሬት ላይ ተረግጧል፤ ጋሽ ዘነበን ወደ ዋናው መንገድ፣ ወታደሮች ወደቆሙበት እየጎተቱት ነው። ጫማው አንዱ ወልቋል። ዞር ብሎ አያት። በዐረብኛ «ጎረቤቴ ነው» ልትል ፈልጋ የዐረብኛው ቃል ሁሉ ከራሷ በኖ ጠፋ፤ በአማርኛ እየጮኸች ስትከተል ሥጋ ሻጩ መንገዷ ላይ ቆመና ኮምፒዩተሩን በክብር እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። አትፍሪ። ዕቃሽ ይኸው፣ ግቢ።»

ሱሌይማን መንገድ እንደተከፈተ በመኪናው እየወሰዳት ከአንዱ እስር ቤት በር ወደ ሌላው ጋሽ ዘነበን ፈለጉት። አላየንም ተባሉ። እቤቷ ስትመለስ ቀድማ የሠራችው ነገር ዘበኛውን ማቃናት ነበር። አሁን ራሱን ቁልቁል ይነቀንቃል። እሱን ባየች ቁጥር አንገቷ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ይሄድባት ነበር፤ በገዛ አንገቴ ሰው ገደልኩ ትል ነበር።

በሚያዝያ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለ። ጋሽ ዘነበ ነው፣ ከሊቢያ። ፈትተውት ነበር። ፋይሰልን ግን ዓይኔ አይይ ብሎ በረሃውን አቋረጠ፤ ጀልባ ሊሳፈር ነው።

«ጋሽ ዘነበ፣ ስማኝ፣ በምልክቱ ነው የተሳሳትኩት፣ አንገቴን...»

«ተይው ልጄ። ማሌሽ፣ ግድ የለም። ፈርተሽ ነው። የፈራ ሰው ምን የማይለው አለ?»

«አላልኩም! ክፉ ነገር አላልኩም እኮ!»

«እሱንም ማሌሽ» አለና መስመሩ ተቆረጠ። በሰኔ ቤተ ክርስቲያን ያገኘቻቸው ሴቶች ያ ጀልባ አልደረሰም አሏት። ይሄኛውን «አሉ» ማን አለ ብላ አልጠየቀችም።

በክረምቱ ቤቱን ለቀቀች። ሁሉም ዓም፣ አጎት፣ የሚለው የሕንፃው ጠባቂ ራገብ ዕቃዋን እያወረደላት ሳለ ደረጃው ላይ ቆም ብሎ ላቡን ጠረገ።

«ያ ቢንቲ፣ ሳልጠይቅሽ እንዳትሄጂ። ያ ልብስ ተኳሽ ምን በድሎሽ ነው?»

«ምንም! እሱን አውቀዋለሁ ነው ያልኳቸው። እነሱ ናቸው ያልገባቸው።»

«ማን ታውቂዋለሽ ወይ አለሽ?» ሽማግሌው ግራ ተጋብቶ አያት። «እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ‹ሌባ ነው?› ነው ያለሽ ሥጋ ሻጩ። አንቺ መጀመሪያ ራስሽን ሽቅብ አደረግሽ፤ አይደለም ብላለች ብለው አንገትጌውን ለቀቁለት። እኔ ራሴ አንሶላውን እያነሣሁለት ነበር፣ አይዋ ብለሽ ስትጮኺ።»