ደጃፍ ላይ የተነበበ ማስጠንቀቂያ

«በመጨረሻ ያየው ማነው?» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ንፍሮውን ማላመጥ አቆመ። ሴትዮዋ ከወሎ ዲላ የደረሱት ዛሬ ጠዋት ነው። መንገድ ተዘግቶባቸው ለልጃቸው ቀብር አልደረሱም። ከመኪና ወርደው ድምፃቸው እስኪዘጋ ካለቀሱ በኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፍራሽ ላይ ተቀመጡ፤ አሁን እንደ ማንኛዋም እናት አሟሟቱን ይጠይቃሉ። አጠገቡ ማን ነበር? ውሃ ጠየቀ? ምን ተናገረ?

«ተኝቶ ነው፣ እማማ። አልተሰቃየም» አለች ሙሉወርቅ ቶሎ ብላ። ሙሉወርቅ የግቢው ጎረቤት ናት። ቤቱ የሙስሊም ስለሆነ ክርስቲያኑ ለቀስተኛ ሳይሳቀቅ እንዲበላ ድስቱንም ሳህኑንም ከቤቷ አምጥታ የምታበስለው እሷ ናት።

የግቢው ባለቤት ሱራያ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሟቹ ሲራክ ተከራይዋ እንጂ ዘመዷ አልነበረም። ይሁንና ዲላ ላይ ሌላ ሰው ስላልነበረው እድሩ ድንኳኑን የተከለው እሷ ደጅ ላይ ነው፤ የሚመጣው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» የሚለውም እሷን ነው። እሷም «አሚን» ትላለች። በተባለች ቁጥር ግን ተነስታ መሮጥ ያምራታል።

«ስኳሩ መሆን አለበት» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ።

«የምን ስኳር፣ እማማ?» አለች ሱራያ።

«ከልጅነቱ ጀምሮ አለበት እኮ። በየቀኑ ራሱን መርፌ ይወጋል። አልነገራችሁም? ያፍርበታል። ሰሞኑን በስልክ መድኃኒቱ ተወደደ፣ እሱን ስገዛ እጄ ላይ የሚተርፍ የለም ይለኝ ነበር።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ስኳሩ ሲወርድበት እየሰማ መመለስ ያቅተዋል። እንደሰከረ ሰው እሺ፣ እሺ ብቻ ይላል። አንድ ማንኪያ ስኳር አፉ ውስጥ ከጨመሩለት ግን ይነሳል። እኔ ስንቴ አስነስቼዋለሁ።»

ሱራያ ከተቀመጠችበት ተነሳች። የት እንደምትሄድ አላወቀችም፤ እግሯ ግን ከግቢው በር አጠገብ ወዳለው ሱቋ ወሰዳት። በጓሮው በር ገብታ ያገኘችው ነገር ላይ ዘጭ አለች። የተቀመጠችው የስኳር ጆንያ ላይ መሆኑን ስታይ እሳት እንደነካት ብድግ አለች።

ሲራክ የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበር። የዛሬ አራት ዓመት አንድ ፍራሽና አንድ ካርቶን መጽሐፍ ይዞ መጣ። ረመዳን ሲገባ ከሱራያ ቤተሰብ ጋር ለማፍጠር ይቀመጣል፤ ሳይጾም ከሚጾመው ሰው በላይ ለአዛን የሚቸኩለው እሱ ነው። «እትዬ ሱራያ፣ ዛሬ ሙአዚኑ ተኝቷል እንዴ?» ይላል፣ ዓይኑን ከሳምቡሳው ሳይነቅል። እሷም ከሠራችው ምግብ ሳህን ሞልታ ታደርስለታለች። ሁለት እጇ ስለሚያዝ በሩን የምትከፍተው በእግሯ ነበር። «ተነስ፣ ብላ» ብላ ዘው ነው። አንድም ቀን አንኳኩታ አታውቅም።

ኪራይ መክፈል ሲያቆም ግን ሁሉም ነገር ተበላሸ። ሲራክ በጓሮ መግባት ጀመረ። ካገኘችውም «እሺ እትዬ ሱራያ፣ ነገ» ነው። ነገው ሦስት ወር ሞላ። እሷም ሳህኑን አቆመች። ተናዳ ነበር፤ የበለጠ ያናደዳት ከሷ መደበቁ ነው። ያን ጊዜ ነው ወንድሟ ሙዘሚል የመከራት። ሙዘሚል ከሬኮ ቡና የሚያመላልስ መኪና አለው፤ ውልና ክስ ያውቃል።

«በአፍ የተባለ ነገር ዳኛ ፊት ዋጋ የለውም» አላት። «በጽሑፍ ስጪው። ያልከፈለውን ወርና የምትሰጪውን ጊዜ ጻፊ። ሁለት ምስክር ይዘሽ በእጁ ስጪው፣ ይፈርም። አልቀበልም ካለ ምስክሮቹ ያንን ጽፈው ይፈርሙና በሩ ላይ ይለጠፋል። ደግሞ እንደለመድሽው ዘው እንዳትዪ። ከደጃፍ አትለፊ። ከገባሽ ያለፈቃዴ ቤቴን ደፈረች ብሎ አንቺኑ ይከስሻል።»

ቅዳሜ ጠዋት ሙሉወርቅንና የባጃጅ ሾፌሩን ጫላን ይዛ ሄደች። ለመጀመሪያ ጊዜ የሲራክን በር አንኳኳች። ውስጥ መብራት በርቷል።

«ሲራክ፣ ውጣና ወረቀት ተቀበል።»

«እሺ» አለ ከውስጥ።

ጠበቁት። አልወጣም። ደግማ ጠራችው።

«እሺ… እሺ።»

የሚያሾፍባት መሰላት። ደሟ ፈላ። ወረቀቱን ዘርግታ ሰፈሩ እንዲሰማ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። መሀል ላይ ስትደርስ ውስጥ የሆነ ነገር ዘጭ ብሎ ወደቀ። ጫላ እጁን ወደ በሩ ዘረጋ።

«ልግፋው?» አላት።

«እንዳትነካው» አለች ሱራያ። «ከደጃፍ እንዳናልፍ ተብለናል።» ከዚያ እስከ መጨረሻው አነበበች። ምስክሮቹ «ቤት ውስጥ እያለ ለመቀበል እምቢ ብሏል» ብለው ጽፈው ፈረሙ፣ ወረቀቱም ተለጠፈ። በማግስቱ ጫላ ሲያልፍ መብራቱ በጠራራ ፀሐይ እንደበራ አየና ደነገጠ። በሩን ነካ ሲያደርገው ተከፈተ፤ ሲራክን ወለሉ ላይ ሞቶ አገኘው። በሩ አልተቆለፈም ነበር።

አሁን ሙዘሚል ከድንኳኑ ተከትሏት መጥቶ ሱቁ ውስጥ እንደቆመች አገኛት። ጫላም ተከትሎት ገባ።

«ምንም እንዳትናገሪ» አለ ሙዘሚል በሹክሹክታ። «ወረቀቱን ከበሩ አንስቻለሁ። ሬሳውን ሐኪሙም ፖሊሱም አይተውታል፣ ነገሩ አልቋል። ሴትዮዋ አልቅሰው ይሄዳሉ። አሁን ብትናገሪ ምን ይጠቅማቸዋል?»

«አንተ ምን አጠፋህ?» አላት ጫላ። ጫላ ዲላ ተወልዶ ቢያድግም አማርኛ ላይ ሴትና ወንድ እንደተቀላቀሉበት ነው። «አላወቀችም። እኔም አላወቀም።»

«ልጄ ምን ብሎ ሞተ ብለው ጠየቁ» አለች ሱራያ። «የሰማሁት እኔ ነኝ። ለማን ላስቀረው?»

«ይከሱሻል።»

«ይክሰሱኝ።»

ሙዘሚል ክንዷን ያዛት። አልታገለችውም፣ ፊቱን አየችው። ለቀቃት። ምክሩን የሰጣት በቅንነት ነበር፤ እሱም ይህን ያውቃል፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እህል አፉ አልገባም።

ድንኳኑ ውስጥ ተመልሳ ወይዘሮ አትጠገብ ፊት ተንበረከከች። ሁሉንም ነገረቻቸው። ወረቀቱን፣ ማንኳኳቷን፣ እሺታውን፣ የወደቀውን ነገር፣ እንዳትነካው ማለቷን። አላለቀሰችም። እንባ አልመጣላትም፤ ቃሉ ብቻ አንዱ ሌላውን እየገፋ ወጣ። ሙሉወርቅ ጭልፋውን እንደያዘች ፊቷን ወደ ሸራው አዞረች። ሌላው ሰው ወዴት እንደሚያይ ጠፋው።



«ስንቴ አለ?» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ።

«ምኑን፣ እማማ?»

«እሺውን።»

«ሦስቴ።»

«እንዴት አድርጎ? ንገሪኝ እስቲ። እንደተቆጣ ሰው ነው?»

ሱራያ ልትመልስ አፏን ከፈተች። እስከዛሬ የሚያሾፍ ድምፅ ነበር የምታስታውሰው። አሁን ስታዳምጠው ግን ሌላ ነው።

«የለም። ቀስ ብሎ። ልክ… ሲቀሰቅሱት እንደሚመልስ ልጅ።»

የእናትየው ፊት ተጨማደደ። ለልቅሶ የሚበቃ ድምፅ ስላልነበራቸው ትከሻቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ሱራያ እርግማን ጠበቀች። ቢረግሟት ትወድ ነበር።

«የት ነበር የቆምሽው?» አሉ።

ሱራያ ደግፋ አስነሳቻቸው። ግቢውን አቋርጠው ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ክፍል ሄዱ። የተከተላቸው ሰው የለም። ሱራያ የቆመችበትን ቦታ በጣቷ አሳየች። ወይዘሮ አትጠገብ እዚያው ላይ ቆሙ። በሩን አዩት። ከዚያ እጃቸውን አንስተው አንኳኩ።

«ሲራክ» አሉ በተዘጋው ድምፃቸው። «ሲራኬ፣ እኔ ነኝ።»

ጠበቁ። ሱራያም አጠገባቸው ቆማ አብራ ጠበቀች፤ ምን እንደምትጠብቅ ለራሷም አልገባትም። መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ አለፈ። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ሲስል ተሰማ።

«እጄ እምቢ አለኝ» አሉ እናትየው። «ግፊው።»

ሱራያ መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች። ጉልበት አልጠየቃትም። ወይዘሮ አትጠገብ ደጃፉን ተሻግረው ገቡና አንሶላ የሌለው ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። የልጃቸውን ትራስ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሱራያ ውጪ ቀረች፣ የበሩን መቃን ይዛ።

እናትየው ቀና ብለው አላዩዋትም። ትራሱን እንዳቀፉ ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉላት።