ሁለተኛው ላፕቶፕ

ፌናንና ብዙአየሁ ቦሌ በሚገኝ አንድ የጥናት ድርጅት ሦስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ሥራቸው ከላምበረት አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ወሎ ከተሞች መውጣት፣ ነጋዴዎችን መጠየቅና መልሱን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ነበር። ለሁለቱ የተሰጠቻቸው አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ነበረች። ከሰዓት በኋላ የሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው እሷ ታነባለች፣ እሱ ይጽፋል፤ ጣቱ ሲደክመው ይቀያየራሉ። ሥራው ሲያልቅ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው ፊልም ያያሉ። ብዙአየሁን ፊልሙ ሳይጋመስ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ መጨረሻውን በማግስቱ ፌናን አውቶቡስ ውስጥ ትተርክለታለች። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ይህን ያህል የምታወራው ሌላ ሰው አልነበራትም።

ከዚያ ሥራው ሰፋ። ድርጅቱ አዲስ ሕንጻ ላይ ሁለት ፎቅ ተከራየ፤ አለቃቸው ጋሽ ዱባለም ለየራሳቸው አዲስ ላፕቶፕ ሰጧቸው።

"በቃ፣ ከእንግዲህ አትጨቃጨቁም" አሏቸው እየሳቁ።

"ተገላገልን!" አለ ብዙአየሁ። ፌናንም አብራ ሳቀች።

በቀጣዩ ጉዞ ደሴ ላይ ሥራውን እኩል ተካፈሉና ብዙአየሁ ክፍሉ ገባ። ፌናን በረንዳው ላይ ሆና የድርሻዋን ጨረሰች። ሻይ አዘዘች፤ ጠጣች። እሱ ግን አልወጣም። በመጨረሻ ሄዳ በሩን አንኳኳች።

"ምነው?" አለ በሩን ገርበብ አድርጎ።

"ላፕቶፔ አልከፈት አለኝ።" ውሸቷን ነበር። ነይ አብረን እንሥራ ይለኛል ብላ ነው።

"ውይ! ቆይ እስቲ" ብሎ የራሱን ከነቻርጀሩ አመጣላት። "እኔ ጨርሻለሁ፤ እስከ ነገ ያዢው። ትንሽ ጋደም ልበል።"

"ፊልም አናይም?"

"ውስጡ ሞልቶልሻል፤ የፈለግሽውን እዪ።" በሩን በቀስታ ዘጋው።

ፌናን ሁለቱን ላፕቶፖች ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠቻቸው። አንዳቸውንም አልከፈተችም። ከግድግዳው ማዶ ብዙአየሁ በስልክ እያወራ ሲስቅ ይሰማታል።

ሲመለሱ፣ ደብረ ብርሃንን እንዳለፉ፣ "ላፕቶፔ እኮ አልተበላሸም ነበር" አለችው።

ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ። "ምን አልሽኝ?"

ደገመችለት። ግራ ተጋብቶ አያት። "ታዲያ የኔን ለምን ወሰድሽው?"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ "በአንዷ ስንሠራ ደስ ይለኝ ነበር" አለች።

"እኔ እኮ በቀርፋፋነቴ የምትናደጂብኝ ነበር የሚመስለኝ!" አለ ፈገግ ብሎ። "አሁን ግን የራስሽ አለሽ። ይሻላል አይደል?"

"ይሻላል" አለች።

ማዳመጫውን መልሶ ጆሮው ውስጥ ከተተው።

ላምበረት ሲደርሱ ወንድሙ መኪና ይዞ እየጠበቀው ነበር። "እናድርስሽ?" አላት ብዙአየሁ፤ መንገዳችሁ አይደለም ብላ ተሰናበተቻቸው። መገናኛ ወርዳ የሰሚት ታክሲ ሰልፍ ያዘች። ሰልፉ ጥግ ድረስ ተጠማዟል፤ ሰው ያማርራል፣ ይሳሳቃል፣ ይገፋፋል። አንዲት ሴትዮ፣ "እህቴ፣ አንቺ ነሽ የመጨረሻዋ?" ብለው ከኋላዋ ቆሙ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለች ፌናን። የሰልፉን መርዘም አልጠላችውም።