ካሜራው ያየው አረንጓዴ

የአባቴን ዓይን እንድፈትን የላከችኝ እናቴ ናት። ባለፈው ሳምንት በበረዶ ላይ የሚነዳውን ሞተሩን ከአጥር ጋር አላትሞ፣ «አጥሩ ነው የመጣብኝ» እያለ ገባ። ዓይኑ ከደከመ ከእንግዲህ ብቻውን ወደሚያረባቸው አጋዘኖቹ አይወጣም። ለእሱ ደግሞ ያ በቁም መቀበር ነው። ስለዚህ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚዘረጋውን የሰሜን ብርሃን ፎቶ ላነሳ ነው፣ አብረን እንሂድ አልኩት። ቁልፉን ቀድሜ ወስጄ እኔው ነዳሁ።

ከመንደራችን ከካውቶኬይኖ ወጥተን በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ ቆምን። ካሜራውን ማቆሚያው ላይ ሳጠብቅ፣

«ኮፍያሽን አድርጊ» አለኝ። «ብርሃኖቹ በፀጉርሽ ጎትተው እንዳይወስዱሽ።»

«ፊዚክስ እኮ ነው የተማርኩት፣ አባባ።»

«እንግዲያው ፊዚክስሽ ጆሮሽን ያሙቅልሽ።»

ኮፍያዬን አደረግኩ፤ ለብርዱ ነው። ወዲያው ሰማዩ ላይ አንድ ነገር ተዘረጋ። ፎቶ አነሳሁና፣

«ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አልኩት፣ እንደ ዋዛ።

«አመድ።»

ደነገጥኩ። ካሜራው ላይ ያለው ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። ቀና ብዬ በራሴ ዓይን ሳየው ግን አመድ ነው። ብርሃን ሲደክም ዓይን ቀለም አይለይም፤ ይህን ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ረስቼዋለሁ። ፈተናዬ ከንቱ ሆነ።

«አሁን ወደ ምሥራቅ አዙሪው» አለ። «ከኮረብታው በላይ ሌላ ተነሥቷል።»

አፈጠጥኩ። «ምንም የለም።»

«አንሺው እንጂ፣ ምን ትከራከሪኛለሽ!»

አነሳሁ። ከኮረብታው በላይ ቀጭን አረንጓዴ ክር ወጣ።

ግራ ገባኝ። አይቶት ነው? ወይስ ዕድሜ ልኩን ከዚያ ሲነሣ ስለሚያውቅ ገምቶ? ወይስ ደካማው የእኔ ዓይን ነው?

«በእውነት አየኸው?»

«ከሌለ ካሜራሽ ከየት አመጣው?» ብሎ እጁን ዘረጋ። «በይ፣ ቁልፉን። ተራው የእኔ ነው።»

«እኔ ነኝ የምነዳው።»

ለአፍታ አየኝ፤ ካየኝ። ከዚያ ከኋላዬ ተቀመጠ።

መንገድ ላይ ድንገት ትከሻዬን መታኝ። «ድንጋይ! ወደ ግራ!»

በመብራቱ ፊት የሚታየኝ ነጭ በረዶ ብቻ ነው። ቢሆንም ወደ ግራ ዞርኩ።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እህስ? ያያል?»

«አላውቅም» አልኳት። «ነገ ወደ አጋዘኖቹ አብሬው እወጣለሁ።»