ቀለም አይጮህም

ተንበርክኮ ጆሮውን ከብስክሌቱ ሆድ ሥር ለጥፏል። እህቱ ኮርቻው ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ በሌላው ፍሬኑን ጨምድዳ ይዛለች።

«ቀኙን እርገጪ።»

ረገጠች። ቀጭ አለ።

«ግራውን።»

ዝም።

«እንደገና ቀኙን።»

ቀጭ።

«ጋሼ፣ ብስክሌት ነው የምትጠግነው ወይስ እያዋለድከው ነው?» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ከሰመ። ረፋዱ ላይ ተራራው ላይ የሚካሄደው ውድድር ለትልቁ ቡድን የሚያልፉትን የሚለይ ነው፤ ከዛሬ በኋላ ደግሞ ዕድሜዋ ከደንቡ ያልፋል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አያነሡትም።

በክለቡ ግቢ መካኒኩን «ጆሮ» የሚሉት የብስክሌትን ሕመም ከሩቅ ስለሚለይ ነበር። ይህኛው ድምፅ ግን ልቡን አውልቆታል። ፔዳሎቹን ፈትቶ ጥርሳቸውን ግራሶ ቀባ፤ ድምፁ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ኮርቻውን ጠረጠረ፤ ቆማ ስትነዳም ጮኸ፣ ኮርቻው በነጻ ተሰናበተ። መሪውን ለቃ ስትነዳም ጮኸ፣ መሪውም በነጻ ወጣ። ኩሽኔታውን አዲስ አደረገለት፤ ለግማሽ ቀን ጭጭ ብሎ ተመለሰ። ማንጠልጠያው ላይ ሲሰቅለው ደግሞ ትንፍሽ አይልም። ሰው ሲቀመጥበት ብቻ የሚያቃስት ነገር!

አሁን ድምፁ የሚመጣበትን ቦታ በጉንጩ አገኘው። ከቀኙ ፔዳል በላይ፣ ቧንቧዎቹ ከሚገናኙበት፣ የስፖንሰሩ ማስታወቂያ ከተለጠፈበት ሥር ነው። ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ሌሎች ብስክሌቶች አያቸው። የሁሉም ማስታወቂያ የተለጠፈው ላይኛው ቧንቧ ላይ፣ ሰው በሚያየው ቦታ ነው። የእህቱ ብቻ እዚህ ታች ምን ይሠራል?

በጥፍሩ ጫፉን አነሣና ላጠው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ቧንቧውን እስከ ግማሹ ዞሮታል።

«እሱን ማን ላጠው አለህ?»

አሰልጣኙ በሩ ላይ ቆሟል። «ምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው እንኳ ለወጉ ያህል ይደነግጣል፤ እሱ ለዚያም አልደከመም።

«ታውቅ ነበር» አለ ጆሮ።

«ከመኪናው ጣሪያ ላይ ወድቆ ተጫረ። ቀለም ነው የተሰነጠቀው፤ በቃ።»

«ቀለም አይጮህም!»

ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ላይኛውን ቧንቧ መታ፤ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ስንጥቁን መታ፤ እንደ ረጠበ ካርቶን ድፍን አለ።

«ሰማህ?»

«እኔ መስማት የምፈልገው መነሻው ላይ ስሟ ሲጠራ ነው። ዝም አሰኘው። ካቃተህ እኔ አለሁ» አለና ወጣ።

እንዲህ ዓይነቱን ሰው የሚያሳፍረው ስብራቱ አይደለም፤ ጩኸቱ ነው። ቤቱ ቢፈርስ በሩ ሲጥ እንዳይል ዘይት ይቀባል። ጆሮ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ የብረት መጋዙን አነሣ። አንዴ ቢያስገባው፣ ብስክሌቱ ለሁለት ይከፈላል፤ እሷም ከአጠገቡ፣ በሕይወት፣ ዕድሜ ልኳን እየረገመችው ትኖራለች። ትርገም! ትርገመው!

እህቱ ከኮርቻው ወርዳ በእሱና በብስክሌቱ መካከል ገባች።

«ጋሼ፣ ተው።»

«ቁልቁለቱ ላይ ቢከፈልስ?»

«ሌላ ለእኔ የሚሆን ብስክሌት አለህ?»

ግድግዳው ላይ ያሉትን ቃኘ፤ ሁሉም ከቁመቷ ይበልጣሉ።

«ሌላ ቀንስ አለኝ?»

መጋዙ ከበደው።

«እንግዲያው ዘይትህን አምጣ። እየጮኸ ከወረድኩ እፈራለሁ። ከፈራሁ መታጠፊያው ላይ ፍሬን እይዛለሁ፤ የምወድቀው ያኔ ነው።»

እውነቷን ነበር። የከፋውም ይኸው ነው፤ የምትለው ሁሉ እውነት ነበር። በጉልበት ቢይዛት አሰልጣኙ በሌላው በር አስወጥቶ ያሰልፋታል። መሄዷ ካልቀረ ፍርሃት ጆሮዋ ውስጥ እየጮኸ አትሂድ። መጋዙን አስቀመጠና ስስ ዘይት በመርፌ ጫፍ ስንጥቁ ውስጥ ጠብ አደረገ፤ መስመሩ ጠጣው። ዙሪያውን ጠረገ። ከዚያ የተላጠውን ማስታወቂያ አንሥቶ መለሰና በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳመጠው። የአሰልጣኙን ሥራ በገዛ እጁ ጨረሰለት።

እህቱ ግቢውን ዞረች። ምንም። ጎማው ብቻ በለሆሳስ አለፈ።

«ኧረ ጆሮ! አንተ እኮ ተአምረኛ ነህ!» አሰልጣኙ ትከሻውን መታ አደረገው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሲያመሰግነው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ረፋዱ ላይ ከተራራው ግርጌ፣ ከመጨረሻው መታጠፊያ ቆመ። ሕዝቡ ከገመዱ ጀርባ ይጋፋል። መጀመሪያ መሪዎቹ ተወርውረው አለፉ፤ ከመካከላቸው የእሷ ቆብ የለም። ቀጥሎ መንጋው እንደ ዶፍ ዝናብ እየተንሿሿ ወረደ፤ ዓይኑ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየዘለለ እሷን ፈለገ። ገመዱ ማዶ አሰልጣኙ ሰዓቱን አየ፣ ተራራውን አየ፤ ዓይኖቻቸው ሊገናኙ ሲሉ ፊቱን አዞረ።

መንገዱ ባዶ ሆነ። ጆሮ ዓይኑን ጨፈነ። ሲያሳድደው የሰነበተውን፣ ሲሰማው ጥርሱን የሚያፋጭበትን፣ በገዛ እጁ ያፈነውን ያንን ድምፅ አሁን ለመነው። አንዴ ብቻ። ቀጭ በል። አለሁ በል።

አውራ ጣቱ ላይ የማስታወቂያው ሙጫ አልለቀቀም። ከላይ ነፋስ መጣ፤ ነፋስ ብቻ። እሱ ግን ጆሮውን ከተራራው አልመለሰም።