የፊሽካ ልጅ

ኳሷ የግቡን አግዳሚ መትታ ወደ ታች ስትወርድ፣ ልጅቷ ከመረቡ ጀርባ እርጥብ ሣር ላይ በሆዷ ተኝታ ጣቷን ከካሜራው አላነሳችም። ኳሷ መስመሩን አልፋ መሬት ነካች፤ ነጥራ ወጣች፤ በረኛው ዘሎ አቀፋት። የምህንድስና ፋኩልቲ ተጫዋቾች "ጎል!" ብለው እርስ በርስ ተጠመጠሙ። ዳኛው ግን ሁለት እጁን ዘርግቶ "ቀጥሉ" አለ።

"ጋሼ፣ ገብታለች እኮ! በፈጠረዎት!" አለ የምህንድስናዎቹ አምበል እየሮጠ መጥቶ።

"አልገባችም። ወደ ቦታህ ተመለስ።"

ልጅቷ ካሜራውን ከዓይኗ አውርዳ አፏን ከፍታ ቀረች። ገብታለች። ከእሷ ይበልጥ ለኳሷ የቀረበ ሰው አልነበረም። ዳኛው ደግሞ አባቷ ነው።

በግቢው "ጋሼ ፊሽካ" ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ ስፖርት ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ የዩኒቨርሲቲው ፋኩልቲዎች ውድድር በመጣ ቁጥር ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል። እሷም ለተማሪዎቹ ጋዜጣ የስፖርት ፎቶ ማንሳት ከጀመረች አንስቶ "የፊሽካ ልጅ" ሆና ቀርታለች። አልከፋትም። አባቷ በአድልዎ ታምቶ አያውቅም። አንዴ የገዛ ወንድሙን ልጅ በቀይ ካርድ አስወጥቶ፣ ዘመድ አዝማድ ሲያኮርፈው "ሲያድግ ያመሰግነኛል" ብሎ ዝም ያለ ሰው ነው።

ሳምንቱ እንደሁ ትንፋሽ የሚሰጥ አልነበረም። ሰኞ መረብ ኳስ፣ ማክሰኞ ሩጫ፣ ረቡዕ ይህ የእግር ኳስ ግማሽ ፍጻሜ። ልጅቷ ቁርስና ምሳዋን አንድ ላይ እየበላች፣ ባትሪ በተገኘው ሶኬት ሁሉ እየሰካች፣ ከሜዳ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ስትመላለስ የመማሪያ ክፍሏን ደጃፍ ካየች ሰንብታለች። ጋዜጣው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከፍጻሜው ጨዋታ በፊት መውጣት አለበት። ፍጻሜውንም የሚዳኘው አባቷ ነው።

ምህንድስና አንድ ለዜሮ ተሸነፈ። አምበሉ ሣሩ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ አነሳችው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው፤ ከእንግዲህ ሌላ ውድድር የለውም።

በማግስቱ የጋዜጣው አዘጋጅ ቢሮ ውስጥ ጠበቃት። እሱም ተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ክፋት የሌለበት ልጅ።

"ምህንድስናዎች ቅሬታ አስገብተዋል" አላት። "ኮሚቴው 'ማስረጃ ካላችሁ አምጡ፣ ከሌላችሁ ውጤቱ ይጸናል' ብሏቸዋል። ከጎሉ ጀርባ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አንስተሻታል?"

"ገና አላየሁትም።"

"አባትሽ መሆናቸው አልጠፋኝም። አልጫንሽም። ግን እስከ ነገ ከሰዓት ንገሪኝ።"

ዋሽታው ነበር። ፎቶውን ደጋግማ አይታዋለች። ኳሷ መስመሩን በደንብ አልፋለች፤ የሚያከራክር ነገር የለውም። ዓይኗን የያዘው ግን ኳሷ አይደለችም። ከበረኛው ጀርባ፣ በምስሉ ጥግ፣ አባቷ ጥርት ብሎ ቆሟል። ፊቱ ወደ ኳሷ አልዞረም። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በር ሲንኳኳ እንደሚያዳምጥ ሰው፣ ጆሮውን ለተመልካቹ ሰጥቷል።

አዘጋጁ ሲወጣ ከዚያ በፊት የነበሩትን ጨዋታዎች ፎቶ ከፈተች። በአንዱ አባቷ የተጫዋች ቁጥር ለማንበብ ማሊያው ላይ አፍንጫው ሊነካ ደርሷል። ያኔ ስታየው ስቃበት ነበር። አሁን ኮምፒውተሯን ዘግታ ይዛው ወደ ቤት ሄደች።

እራት ላይ እናቷ የውሃውን ብርጭቆ በጠረጴዛው ላይ እየገፋች የአባቷን ጣቶች እስኪነካ አስጠጋችለት። ይህን ስታደርግ ልጅቷ ብዙ ጊዜ አይታለች። መውደዷ ነው ብላ ነበር የምታልፈው።

"አባዬ" አለች፣ "የትናንቷን ኳስ አይተሃታል?"

"አይቻለሁ እንጂ። አልገባችም አልኩ አይደል?"

ፎቶውን አጉልታ ኮምፒውተሩን ፊቱ አስቀመጠች። "እስቲ እየው።"

አባቷ ጎንበስ አለ። ጨምሮ ጎንበስ አለ። ራሱን ወደ ግራ አዘነበለ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ። እናቷ መብላቷን አቆመች።

"ይሄ ጥግ ላይ ያለው ማነው?" አለ በመጨረሻ።

"አንተ ነህ።"

አባቷ ቀና አለና ኮምፒውተሩን ከፊቱ ገፋ አደረገው።

"ቀስ እያለ ነው የመጣው" አለ አባቷ። "መሀል መሀሉ ነው የሚጠፋኝ፤ ዳር ዳሩን አያለሁ። ሰው ሲሮጥ ይታየኛል። ኳሷን ግን የምሰማት ነው። ሕዝቡም ይነግረኛል። ስትገባ የሚጮኸውና ስትስት የሚጮኸው አንድ አይደለም። አታሎኝ አያውቅም ነበር።"

"ትናንትስ?"

"ትናንት ሁለቱም ወገን እኩል ጮኸ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እናትሽ ታውቃለች። አንቺ ግን..." ብርጭቆውን አነሳ፤ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። "ከሜዳው ዳር ሆነሽ ስታነሺኝ ደስ ይለኝ ነበር።"

ልጅቷ ኮምፒውተሩን ከደነችው። "ኮሚቴው ማስረጃ እየፈለገ ነው። ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ዝም በያ!" አለች እናቷ። "ይህን ሁሉ ዘመን ያለ እንከን ኖሮ በአንዲት ፎቶ መሳቂያ ይሁን? 'ደክሞኛል' ብሎ በክብር ይቀመጣል። ማን ሞተ?"

"ያ ልጅ አልቅሷል አይደል?" አለ አባቷ። "አምበሉ።"

"አልቅሷል።"

"ሰምቼዋለሁ።" እጁን ወደ ሚስቱ ዘረጋ፤ አግኝቶ ያዛት፤ ፊቱን ግን ወደ ልጁ አዞረ። "ዝም ብትይኝ ኖሮ ቅዳሜ ፍጻሜውን እዳኝ ነበር እኮ። ስጪያቸው፣ ልጄ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።"

እናቷ ተነስታ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። ያልተበላውንም ጭምር አነሳችው።

ዓርብ ጠዋት አባቷ ኮቱን ለብሶ፣ የልጁን ክንድ ይዞ፣ የኮሚቴውን ደረጃ ወጣ። ከዚያ በፊት ክንዷን ይዞ አያውቅም ነበር። ውስጥ ብዙ አልተናገረም። "ገብታለች፤ ፎቶው ያውላችሁ። እኔ አላየሁም፤ ዓይኔ ደክሟል" አለ። ሰዎቹ ወረቀታቸውን አገላበጡ። ጨዋታው ቅዳሜ በሌላ ዳኛ እንዲደገም፣ ፍጻሜውም ለሚቀጥለው ሳምንት እንዲተላለፍ ወሰኑ። አንዱ እንደ ማጽናናት "ጋሼ፣ ያጋጥማል" ሲለው፣ "አያጋጥም" ብሎ መለሰለት።

ደረጃውን ሲወርዱ፣ "ከፎቶው ሥር ምን ትጽፋላችሁ?" ሲል ጠየቃት።

"ፎቶውን ሌሊት ለአዘጋጁ ልኬለታለሁ፤ 'ዳኛው ጎሉን ሻሩ' ሊል ነው።"

አባቷ ቆም አለ። "ሻሩ አትበሉ። የሚሽር ያየ ነው። አላዩም በሉ።"

ቤት አድርሳው ወደ ቢሮው ተመለሰች። አዘጋጁ የፊት ገጹን ጨርሶ ፎቶውን መሀል ላይ አስቀምጦታል፤ ኳሷ፣ በረኛው፣ ጥግ ላይ አንገቱን የሰበረው ሰው። ያለችውን ሰምቶ ጽሑፉን አስተካከለ። ከሥሩ "ፎቶ፦" ብሎ ጻፈና ጣቶቹ ቆሙ።

"የአንቺን ስም ብቻ ላድርገው?" አላት ሳያያት። "የአባት ስም ሳንጨምር። ነገ ግቢው ሁሉ ነው የሚያነበው። ሰው እንዳያያይዘው ብዬ ነው።"

ለእሷ አስቦ መሆኑን አላጣችውም። መስኮቱ ሥር የማተሚያው ማሽን እየሞቀ ያንጎራጉራል። ፎቶውን አንድ ጊዜ አየችው።

"እስቲ ተነሥልኝ" አለችው።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስሟን ጻፈች። ከጎኑ የአባቷን ስም፣ አንድም ፊደል ሳታጎድል፣ ጻፈችና ገጹን ወደ ማተሚያው ላከችው።