አዳራሹን አንድ ያደረግኩት እኔ ነኝ

ደክሞኛል። ከአዲስ አበባ እስከ ነገሌ ቦረና ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንቀጥቅጬ የመጣሁት ለሠርግ አይደለም፤ በገዛ እጄ ያበላሸሁትን ለማየት ነው።

ሊባን እባላለሁ፤ የነገሌ ልጅ ነኝ። ሥራዬ አንድ ቤት ገና ሳይሠራ ምን ያህል እንደሚሞቅ በኮምፒውተር ማስላት ነው። የነገሌውን የሕብረት ሥራ ዩኒየን አዲስ ቢሮም ያሰላሁት እኔው ነኝ። ቢሮው መሀሉ ግድግዳ የሌለው አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው። እንዲህ ዓይነቱን በወጉ የሚሠራ ሰው፣ ከየመስኮቱ አራት ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ በሐሳብ መስመር ይቆርጠዋል፤ ፀሐይ የሚመታውን ዳርና መሀሉን የተለያየ የሙቀት ዞን አድርጎ ለየብቻ ያሰላል። እኔ ግን አለቃዬ በስልክ ሲጨቀጭቀኝ ሰለቸኝና «አየሩ እንደሆነ አንድ ነው፣ ምን ይለያየዋል» ብዬ ሁሉንም አንድ ዞን አድርጌ ላክሁት። አማካዩ ሃያ ስድስት ዲግሪ ወጣ። ሃያ ስድስት ዲግሪ ደግሞ ማንን ይጎዳል?

ባለፈው ሳምንት የቢሮው ኃላፊ ዲንኪቱ ደወለችልኝ።

«ኦቦ ጂሎ ከወንበራቸው ወደቁ። ደም ግፊት አለባቸው። ነርሷ እዚያ መስኮት ጋ ሙቀት ላይ መቀመጥ ካልተዉ በሚቀጥለው ላይነሱ ይችላሉ ብላለች። ቦታ ይቀይሩ ብንላቸው እምቢ አሉ።»

ክው አልኩ። ኦቦ ጂሎ የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ እዚያው ቢሮ ይሠራሉ። አባቴ ከሞተ በኋላ ደብተር የገዙልኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባም መናኸሪያ ድረስ የሸኙኝ እሳቸው ናቸው።

ቢሮው የደረስኩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቴርሞሜትሬን ይዤ አዳራሹን ዞርኩ። መሀሉ ሃያ አንድ፣ የምዕራቡ መስኮት ሠላሳ ስድስት። በእኔ ስሌት መሠረት የተገጠመው ኤሲ አንድ ብቻ ነው፤ ሙቀት የሚለካበት ዕቃም መሀል ምሰሶ ላይ ተሰክቷል፤ መሀሉ ከቀዘቀዘ ኤሲው ይጠፋል። መሀል ያሉት ወጣቶች ሹራብ ለብሰው ይሠራሉ። መስኮቱ ጋ ኦቦ ጂሎ ላባቸው ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። መንገዱ የሚታይበት ቦታ ለትልቅ ሰው ነው ብለው፣ ቢሮው ሲከፈት ሠራተኞቹ በአክብሮት የሰጧቸው ወንበር ነው። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም፤ የዚህ አገር ልጅ ነኝ የምለው እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ።

«አካም ኦልቴ፣ ሊባን?» ብለው ፈገግ እያሉ እንዴት እንደዋልኩ ጠየቁኝ።

«ናጋ፣ ደህና ነኝ ኦቦ ጂሎ። እዚህ ጋ በጣም ይሞቃል።»

«ኧረ አይሞቅም።»

«ባለፈው ወድቀው የለም እንዴ?»

«እርጅና ነው።» ጠጋ አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዝም በል እንጂ አንተ ልጅ። ለሚመጣው ሰው ሁሉ ይህን ቤት የሠራው የኛ ልጅ ነው እላለሁ። ታዲያ እኔው ተነስቼ ሞቀኝ ልበል? ሰው ምን ይላል?»

ምነው በሰደቡኝ። በእኔ ስንፍና ሊሞቱ፣ ያውም ለእኔ ስም ሲሉ። ቀስ ብዬ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ያ ስም ካልወደቀ እንደማይነሱ ገባኝ።

ዲንኪቱን ጠርቼ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ተናገርኩ።

«ስሌቱ ስህተት ነው፤ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ዳሩንና መሀሉን ለይቼ ማስላት ሲገባኝ ሰንፌ ተውኩት። ይህ መስኮት ጥላና የራሱ ኤሲ እስኪደረግለት ድረስ ማንም አይቀመጥበት።»

ኦቦ ጂሎ ወረቀታቸውን ሰብስበው ተነሱ።

«እንግዲህ ሰው ሲጠይቀኝ፣ የሠራውን አላውቀውም እላለሁ» አሉኝ።

ወንበራቸውን ተሸክሜ መሀል ወሰድኩላቸው። ፊታቸውን ከእኔ አዙረው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ላባቸው ደረቀ።