ግራና ቀኙ ያልገጠመ ሰማይ

እናትየው ጉልበታቸው እስኪሻላቸው ብለው ልጃቸው ቤት ከገቡ ሳምንት አልሞላቸውም። ልጃቸውም ምራታቸውም የጠፈር ተመራማሪዎች ናቸው። አንድ ቢሮ ይውላሉ፣ የቢሮውንም ጭቅጭቅ ከቦርሳቸው ጋር አንጠልጥለው ቤት ይገባሉ። ይህን ግን ለእናትየው የነገራቸው የለም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳሎን ተቀምጠው ሹራብ ሲሠሩ ከወጥ ቤት የምራታቸው ድምፅ ተሰማ።

«አንዱ ቢሳሳት፣ ሁለቱም ይሳሳታሉ? ሁለቱም አይተውታል። አሁንም በአጋጣሚ ነው ትለኛለህ?»

«በአጋጣሚ ነው» አለ ልጃቸው ሰሃን እያለቀለቀ። «አንቺ ማየት የፈለግሽውን ነው ያየሽው።»

እናትየው ክሩን ጣል አድርገው ስልካቸውን አነሱ። ትልቁ ልጃቸው ዳኛ ነው። «ቶሎ ድረስልኝ» አሉት በሹክሹክታ። «ወንድምህ ትዳሩን ሊበትን ነው። ሁለት ሰው አይቶታል።»

ዳኛው በቅዳሜ ምድር ከረባት አስሮ ከተፍ አለ። ባልና ሚስቱን ሶፋው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሴትየዋ ማን ናት?»

«የቷ ሴትዮ?» አለ ታናሽየው።

«አትሸፋፍን። ሁለት ምስክር አይቶሃል።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። መጀመሪያ የገባት እሷ ነበረች። «ጋሼ፣ ሁለቱ እኮ ሳተላይቶች ናቸው።»

እናትየው ደረታቸውን ያዙ። «በሳተላይት ሳይቀር ታየህ?»

ምራታቸው ሳቋ እስኪያልቅ ሶፋው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ አስረዳቻቸው። «እማማ፣ ዓለም ገና ጨቅላ ሳለ የፈነጠቀ ብርሃን ዛሬም ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ሁለቱ ሳተላይቶች የለኩት እሱን ነው። ሙቀቱ በሁሉም በኩል እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ግን በጣም ጥቃቅን፣ ሞቅ ያሉና ቀዝቀዝ ያሉ ነጠብጣቦች አሉበት። እኛ ራሳችን እየተጓዝን ስለሆነ ከፊታችን ትንሽ ይሞቃል። እሱን በስሌት ቀንሰነዋል። ከዚያም በኋላ ግን በአንዱ የሰማይ ግማሽ ልዩነቱ ጎላ ይላል፣ በሌላው ደብዘዝ።» ሹራቡን አነሳች። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ልስልስ ያለ ነው፤ እዚህ ጋ ይጎረብጣል። ይሄኛውን ሲሠሩ ምን ሆነው ነበር?»

«ከእህቴ ጋር በስልክ እየተጣላሁ።»

«እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ያኔ፣ ዓለም ጨቅላ ሳለ፣ ምን ሆኖ ነበር?»

«ምንም» አለ ባልየው። «መቶ ሹራብ ቢኖረን አንዳንዱ እንዲሁ ጎርበጥ ብሎ ይወጣል። ያለን ሰማይ ደግሞ አንድ ነው፣ ከምን ጋር እናወዳድረው? ደግሞ እሷ ከየት ላይ ለሁለት እንደምትከፍለው የመረጠችው ካየችው በኋላ ነው።»

ዳኛው ከረባቱን አላላ። ሃያ ዓመት ሲፈርድ እንዲህ ያለ ጉዳይ አልገጠመውም። «ሌላ ሰማይ በማስረጃነት ማቅረብ ይቻላል?»

«አይቻልም» አሉ ባልና ሚስቱ በአንድ አፍ። በዚያ ቀን የተስማሙበት ይህ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ጉዳዩ ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝሟል።»

«እኔ ግን ፈርጃለሁ» አሉ እናትየው። «ይሄ ልጅ ብርጭቆ በሰበረ ቁጥር በአጋጣሚ ነው ይለኝ ነበር። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።»

ባልየው ከእናቱ እንዲህ ያለ ክህደት አልጠበቀም። ሰኞ ቢሮ ሲገባ በንዴት ስሌቱን ከሥር መሠረቱ ጀመረው። የራሳችን ጋላክሲ አቧራ የሚያደናግረውን የሰማይ ክፍል ሰፋ አድርጎ ከስሌቱ አወጣና እንደገና ለካ። ልዩነቱ ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። እሱ «ቀነሰ» እያለ፣ እሷ «አልጠፋም» እያለች ደረጃውን ወጥተው ቤት ገቡ። ራት ላይም አላባራም።

እናትየው ጥቂት አዳምጠው ለዳኛው ደወሉ። «ዛሬ መምጣት አያስፈልግህም» አሉት ረጋ ብለው። «ሁለቱም ረትተዋል።»